በበረዶ ግግር ላይ «ደህና ነኝ» ያልኩበት ሳምንት

ሰኞ፦ ከፌርፋክስ እስከ ካልጋሪ

ጀማል ታክሲውን ሱቄ በር ላይ ፓርክ አድርጎ ወረደና ረጅሙን የበረዶ መንሸራተቻ፣ የስኪ ቦርሳ ሲያይ ሳቁን መያዝ አልቻለም። ጣሪያው ላይ አብረን እያሰርን፣

«ሰይዶ፣ ሰው በዚህ ዕድሜው ሐጅ ነው የሚሄደው» አለኝ።

«ሐጁንም እሄዳለሁ። መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ልሞክር።»

«ሶ፣ እዚያ ከቀረህ ሱቁን ማን ይወስደዋል?»

«አንተ አትወስደውም። ሽሮና በርበሬ እንኳ በቀለም ነው የምትለየው።»

ጀማል የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሎስ አንጀለስን መንገድ ሲነዳ ኖሮ በረዶ የሚያውቀው መጠጥ ብርጭቆ ውስጥ ብቻ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ እስክንደርስ ሰው በራሱ ገንዘብ ብርድ የሚገዛበትን ምክንያት ሲጠይቀኝ ነበር። እኔም ሙሉ መልሱን አልነገርኩትም። ለእናንተ ግን ልናገር።

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ የሐበሻ ሰፈር ያለው ሱቄ ከፊት በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሻሽና ሽቶ ይሸጣል። ከኋላ ደግሞ ያገለገለ የስኪ ዕቃ። ነገሩ የመጣው በስህተት ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ኪራዩ ያልተከፈለ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል በጨረታ ገዛሁ። እዚህ አገር እንደዚያ ያለ ጨረታ ሲኖር በሩ ይከፈትና ከደጅ ቆመህ ለጥቂት ደቂቃ ታያለህ፤ መግባት የለም። ከጥግ ያብለጨለጨውን ነገር የሀብታም ቤት የብር ዕቃ ነው ብዬ ገዛሁት። ስገባ ስድስት ጥንድ ስኪ ሆኖ ተገኘ። ፌርፋክስ ላይ ስኪ ለማን ይሸጣል? የማላውቀውን ዕቃ መሸጥ ደግሞ አልወድም። ስለዚህ ከከተማው ሁለት ሰዓት ያህል ርቆ ወዳለ ተራራ ሄጄ፣ ሰው እየሳቀብኝ፣ የአምስት ዓመት ሕፃናት በጎኔ እያለፉኝ፣ ተማርኩ። ዘጠኝ ዊንተር አለፈ። ዛሬ ከፓሳዴና ድረስ ደንበኛ ይመጣልኛል፤ ገደል የሚበዛበትንም እወርዳለሁ፣ ሽቅብም በስኪ እወጣለሁ።

የዚህ ጉዞ ምክንያት ግን ስኪ አይደለም። ባለቤቴ ሰዓዳ ልጃችን ስትወልድ ለሦስት ወር ልታርሳት ሚኒያፖሊስ ሄደች። ሦስት ወሩ አሥራ ዘጠኝ ወር ሆነ። በየእሑዱ ስትደውል «ልምጣ ወይ?» ትላለች። እኔም «ኧረ አትቸገሪ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ልጁን አሳድጊ» እላለሁ። እንዲህ የምለው እንድትመጣ ነው። ደግማ «እንዴት ብቻህን?» እንድትል፣ ከዚያም በሦስተኛው «በቃ መጣሁ» እንድትል እጠብቃለሁ። እኛ ቤት ያደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ሰዓዳ ግን ልጁ ሲያለቅስ «እሺ በል፣ ካልክ» ትልና ስልኩን ትዘጋለች።

ትናንት እሑድ ደውላ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ልጃችን ቤት አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሥራ አግኝታለች። ከፈረመች እስከ መጪው ዓመት ሰኔ መነሻ የላትም። እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ብለዋታል።

«ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

«እንደተመቸሽ» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ሱቁ ውስጥ ብዙ ቆምኩ። ሰኞ ደግሞ ከስድስት ወር በፊት የከፈልኩበት ጉዞ ነበር፦ በካናዳ ተራሮች የበረዶ ግግር ላይ፣ ከአስጎብኚ ጋር፣ በስኪ ከጎጆ ወደ ጎጆ መሻገር። ቤት ቁጭ ብሎ ዓርብን ከመጠበቅ ይሻላል ብዬ ሄድኩ። መሸሽ ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

አንድ ነገር ደግሞ መናዘዝ አለብኝ። ቅዳሜ ዕለት አንድ ደንበኛ መጥቶ ለጉዞው ያዘጋጀሁትን የራሴን የስኪ ጫማ አየ። የሚሸጥ አይደለም አልኩት። ዋጋ ጨመረ። አሁንም አይሸጥም አልኩት። እንደገና ጨመረ። እጄ ከአፌ ቀድሞ ጫማውን ሲጠቀልል አየሁት። ለራሴ ከመደርደሪያው በግማሽ ቁጥር የሚያንስ ጫማ አነሳሁ። ለስንቱ ሰው «ሲለበስ ይሰፋል» ብዬ እንደሸጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በዚያ ቀን ለራሴም ሸጥኩት።

ካልጋሪ ስደርስ ከዜሮ በታች አራት ዲግሪ ነበር። ወደ ተራሮቹ የሚወስደው ሚኒባስ ሰባ አምስት ዶላር ያስከፍላል፤ ሹፌሩ ዝም ያለ ሰው ነው፤ መንገዱ ለረጅም ሰዓት ሜዳ ሆኖ ይቆይና ተራሮቹ እንደ ግድግዳ ብድግ ይላሉ።

ማክሰኞ፦ የመጀመሪያው ጎጆ

አስጎብኚያችን ክሌር ትባላለች። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው፣ ፀሐይ ፊቷን የመነጽሯን ቅርጽ ትታ አቃጥላዋለች። መኪና ማቆሚያው ላይ ዕቃችንን አንድ በአንድ ፈተሸች። ናዳ ቢቀብረን የሚያገኙን በሚልከው ምልክት ነውና ደረታችን ላይ የታሰረውን መሣሪያ አየች፤ አካፋውን፣ የወገብ መታጠቂያውን አየች። ጫማዬን ስታይ ጎንበስ ብላ በጣቷ ጫፉን ነካች።

«ጠበቅ አላለም?»

«በጣም ጥሩ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?» አላለችም። ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች።

የሚቀጥለው ሰው ኖርማን ነው፤ ድልድይ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ስድሳ ስድስት ዓመቱ፣ ቁመቱ የመብራት ምሰሶ የሚያህል። ከእሱ ሌላ ዳግና ሊንዳ የሚባሉ ባልና ሚስት አሉ። ዳግ ፓሳዴና ጥርስ ሐኪም ነው። ሎስ አንጀለሶች መሆናችንን ስንተዋወቅ ዳግ «ፌርፋክስ! እዚያ በእጅ የሚበላ ምግብ በልተናል» አለኝ። «እኛም በየቀኑ እንበላለን» አልኩት። ጨዋታችን እዚያ ላይ አለቀ።

በስኪ ሽቅብ የሚወጣው ከሥሩ ስኪን የሚባል ጨርቅ ተለጥፎበት ነው። ፀጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ነው፤ ወደ ፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ አይለቅም። የቀዘቀዘ ሐይቅ ተሻግረን፣ ጠባብ ሸለቆ ገብተን፣ አራት ሰዓት ተኩል ተጓዝን። ድምፅ የለም፤ የምትሰማው የራስህን ትንፋሽና የስኪህን ሽው ሽው ነው። መጀመሪያ ደስ ይላል። ሁለተኛው ሰዓት ላይ የሰው ድምፅ ትፈልጋለህ። ሦስተኛው ላይ ከራስህ ጋር የተነጋገርከውን ሁሉ ጨርሰሃል።

ጎጆው ከእንጨት የተሠራ አንድ ክፍል ነው። የሚያስተናግድ ሰው የለውም። በረዶ በድስት ታቀልጣለህ፣ ውኃ ይሆናል። መኝታው ረጅም የሳንቃ መደብ ነው፤ አምስታችንም ተደርድረን እንተኛለን። ማታ ክሌር የምስር ሾርባ ሠራች። የአሳማ ነገር እንዳይኖርበት ቀድሜ አስታውቄ ስለነበር ለእኔ ብላ ነው ሙሉውን ያለ ሥጋ የሠራችው። ጭልፋውን ይዛ፣

«ሰይድ፣ ሾርባ?»

«አይ፣ አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ።»

ከጠዋት ጀምሮ የቀመስኩት አንድ እፍኝ በሶ ነው። ጭልፋው ግን ወደ ዳግ ሄደ። ዞሮ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ዳግ ደገመ። ሊንዳ ደገመች። ድስቱ ታጠበ። እኔም ቁጭ ብዬ የምስር ሽታ በላሁ።

ከዚያ ቋንጣዬን አውጥቼ ለሁሉም ዘረጋሁ። ብቻዬን መብላት አልችልም። የእኛ ሰው ቢሆን «ኧረ ብላ፣ ይበቃኛል» ይላል፤ አንተ «በሞቴ» ትላለህ፤ አንዲት ቁራጭ ወስዶ ያመሰግናል። እነዚህ ግን «ኦ፣ ታንክ ዩ!» ብለው እፍኝ እፍኝ ወሰዱ። ከረጢቱ ዞሮ እጄ ሲገባ የአምስት ቀን ቋንጣዬ የአንድ ቀን ሆኗል።

ክሌር ከመተኛታችን በፊት በሳተላይት አጭር መልእክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ አወጣች። ስልክ እዚያ አይሠራም። እያንዳንዱ ሰው ለቤቱ አንድ አንድ መስመር እንዲልክ ፈቀደች። እኔ ለሰዓዳ በእንግሊዝኛ ፊደል «ደህና ነኝ» አስጻፍኩ።

ረቡዕ፦ ግግሩ

ዛሬ ግግሩ ላይ ወጣን። እንዴት ልንገራችሁ? ሜዳ ነው፣ ግን ሜዳ አይደለም። ነጭ ነው፣ ወደ ሰማይ ይቀጥላል፣ የት እንደሚያልቅ አታውቅም። ከሥሩ ቤት የሚውጥ ስንጥቅ አለ፤ በላዩ ስስ በረዶ ስለሸፈነው አይታይም። ስለዚህ በገመድ ታሰርን። ክሌር ከፊት፣ ከዚያ ሊንዳ፣ ዳግ፣ እኔ፣ ኖርማን ከኋላ። በመካከላችን አሥር አሥር ሜትር አለ፤ አንዱ ቢገባ ሌሎቹ እንዲይዙት። ከአራት ሰው ጋር ታስረህ ከአንዱም ጋር ማውራት አትችልም። ከፊቴ የዳግ ቀይ ጃኬት ይሄዳል። ዞር ስል ኖርማን አለ። እጄን ባነሳ ያነሳል። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም።

ሦስተኛው ሰዓት ላይ የቀኝ እግሬ ትልቁ ጣት ያመኝ ጀመር። ከዚያ ማመሙን ተወ። አለመታመሙን እንደ ጥሩ ዜና ወሰድኩት።

በየዕረፍቱ ክሌር በገመዱ ርዝመት እየጮኸች ትጠይቃለች፤ «ሊንዳ፣ እግር?» «ጥሩ!» «ዳግ?» «እጄ ትንሽ በርዶታል!» ትቆምና ጓንቱን ታስለውጠዋለች። እኔ በሆዴ፣ ይሄ ትልቅ ሰው ለእጁ ሁላችንንም አቆመን ብዬ ታዘብኩት። «ሰይድ?» «ደህና!»

ሁለተኛው ጎጆ ስንደርስ ሰው ሳያየኝ ጥግ ሄጄ ካልሲዬን አወለቅሁ። ትልቁ ጣትና ጎረቤቱ እንደ ሻማ ነጥተዋል። በእጄ ይዤ አሸኋቸው፤ ደሙ ሲመለስ እንደ መርፌ ወጋኝ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ኖርማን አየኝ መሰለኝ። ካልሲዬን ለበስኩ።

ለሰዓዳ፦ «ደህና ነኝ»።

ሐሙስ፦ ማዕበል

ቀኑን ሙሉ ነፋስና በረዶ ስለሆነ ከጎጆው አልወጣንም። አንድ ክፍል፣ አምስት ሰው፣ አምስት መጽሐፍ። እኔ መጽሐፍ አልያዝኩም፤ ሰው ካለ ወሬ አለ ብዬ ነው። ኖርማን አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ልጆች አሉህ?»

«ሁለት» አለና ገጽ ገለበጠ።

«የት ናቸው?»

«ሩቅ።» ሌላ ገጽ።

በሱቄ ውስጥ ዝም ያለ ደንበኛ ዝም ብሎ አይወጣም፤ ቢያንስ የእናቱን ስም ትቶልኝ ይሄዳል። ኖርማን ግን አቃተኝ። የመስኮቱን በረዶ በጥፍሬ እየፋቅሁ፣ ሰዓዳ አሁን የልጁን ሳህን እያጠበች ይሆን እያልኩ፣ ሻይ ስድስት ጊዜ አፈላሁ። ጥሩነቱ ሻዩን ጠይቀው ነው የሚወስዱት።

ከሰዓት በኋላ ክሌር መሣሪያውን ይዛ መጣች። «ከቤትህ መልእክት አለ» ብላ ፊደል በፊደል አነበበችልኝ። አማርኛውን እንደ ድንጋይ እያንከባለለችው ገባኝ፦ ነገ እፈርማለሁ ወይስ አልፈርምም፣ ምን ልበል?

ክሌር ጣቷን አዘጋጅታ ትጠብቃለች።

«እንደተመቸሽ በይልኝ» አልኩና ፊደሎቹን ነገርኳት።

ጻፈችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ምን ማለት ነው?»

«ደስ ያለሽን አድርጊ እንደማለት።»

«ጥሩ ነገር ነው ወይስ መጥፎ?»

«ጨዋነት ነው።»

«እ‑ህ» አለች፤ ቁልፉን ተጫነችው። መሣሪያው ጢጥ አለ። መመለስ ብፈልግም ሄዷል።

ዓርብ፦ በሩ

ማዕበሉ ቆመ፤ ጭጋጉ ግን ቀረ። ዛሬ ትልቁን ግግር ተሻግረን፣ ተራራውን እንደ በር በመሃል በሚከፍለው ማለፊያ ወጥተን፣ ሦስተኛው ጎጆ መግባት አለብን። ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ዲግሪ ነው። ሰማዩና መሬቱ አንድ ቀለም ስለሆኑ የምትወጣ ይሁን የምትወርድ አታውቅም። የዳግ ቀይ ጃኬት እንኳ አንዳንዴ ይጠፋና ገመዱ ብቻ ወደ ነጭ ውስጥ ይሄዳል። የገመዱ ጫፍ ላይ ሰው መኖሩን በእምነት ነው የምትቀበለው።

ጣቶቼ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠፉ። ከዚያ ግማሽ እግሬ። ስረግጥ የምረግጠው በእንጨት ነው። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ኖርማን ከኋላ «ኦኬ?» አለ። «ኦኬ» አልኩ።

ማለፊያው ሥር ክሌር አቆመችን። ገመዱን እየሰበሰበች ሁላችንንም አጠገቧ አመጣችን።

«ስሙኝ» አለች። «ከዚህ በኋላ መመለስ የለም። በዚያኛው ወገን ገደሉን ከወረድን እስከ ማታ ቀጥ ብሎ መሄድ ብቻ ነው። ያልተመቸው ሰው ካለ የሚናገረው አሁን ነው። ሊንዳ?»

«ዝግጁ።»

«ዳግ?»

«ዝግጁ።»

«ሰይድ?»

ሁሉም ያዩኛል። ዳግና ሊንዳ ይህን ጉዞ ሦስት ዓመት እንዳሰቡት ነግረውናል። እኔ አንድ የበርበሬ ነጋዴ በእግር ጣቱ የአራት ሰው ሕልም ሊያቆም ነው?

«ደህና ነኝ» አልኩ።

ዓይኔን አየችኝ። አሁን ትደግማለች አልኩ። ትንሽ ብትጫነኝ፣ «ፊትህ ጥሩ አይደለም» ብትል፣ ሁሉንም እነግራታለሁ። አፌ ተዘጋጅቷል።

«ኖርማን?» አለች።

ገመዱ እንደገና ተዘረጋ። ክሌር ሄደች፣ ሊንዳ ሄደች፣ ዳግ ሄደ። የእኔ ገመድ ከበረዶው ላይ ቀስ እያለ ተነሳ፤ ወገቤ ላይ ሲወጠር ተሰማኝ። ያን ጊዜ የገባኝ ይህ ነው፦ ማንም ተመልሶ አይመጣም። ክፋት አይደለም። ጠይቀዋል፣ መልሻለሁ፣ አምነውኛል። ሚኒያፖሊስም ያለችው አምናኛለች።

«ቆይ!» ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ ነው የወጣው። ገመዱን በሁለት እጄ ጎተትኩ። «ቆይ! ደህና አይደለሁም! እግሬን አላውቀውም!»

ክሌር ተመልሳ ስትመጣ አልተናገረችም። ቦርሳዬ ላይ አስቀምጣኝ ጫማዬን ፈታች፤ ካልሲዬን ገፈፈች። ጣቶቼ ነጭ ናቸው፣ ነጩ ወደ እግሬ መሐል መጥቷል። በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

«ይሰማሃል?»

«አይ።»

ጫፉ ገና ለስላሳ በመሆኑ ተስፋ አለ አለች። ዞር ብላ ሰው ስትፈልግ ኖርማን ቀድሞ በረዶው ላይ ተቀምጧል። ጃኬቱን ከፈተ፣ ሹራቡን ሰበሰበ፣ በረዶ የመሰለውን እግሬን አንስቶ ባዶ ሆዱ ላይ ለጠፈው። ትንፋሹ ቁርጥ ብሎ ተመለሰ።

«ኖርማን፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ…»

«አትንቀሳቀስ» አለኝ። በአራት ቀን ውስጥ የሰጠኝ ረጅሙ ንግግር ነው። ሆዱ ይሞቃል። የሰው ሆድ እንዲህ መሞቁን ረስቼው ኖሬያለሁ።

እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ ከጣቴ ሕመም ነው ብያቸዋለሁ። ግማሹ እውነት ነው።

ክሌር ፊቴ ላይ ተንበረከከች። ተቆጥታለች፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ ያለ ነው።

«ከማክሰኞ ጀምሮ ስንት ጊዜ ጠየቅሁህ?»

«ብዙ ጊዜ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እኛ አገር መጀመሪያ ሲጠይቁህ እሺ አይባልም። ሰው ደግሞ ይጠይቅሃል። ሦስተኛው ላይ እውነቱን ትናገራለህ።»

«ሰይድ፣ እኔ ሰውን የምመራው በመጀመሪያው መልስ ነው። ሌላ የለኝም» አለች።

ተመለስን። አንድ አስጎብኚ ስላለን እኔን ልካ ሌሎቹን መውሰድ አትችልም። ሊንዳ ማለፊያውን ዞራ ዞራ አየችው። «ሦስት ዓመት» አለች፤ ለማንም አይደለም። ዳግ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ያጋጥማል» አለኝ። ከፊቱ እንዳላጋጠመው አውቃለሁ። ክሌር የጫማዬን የውስጥ ንጣፍ አውጥታ ስለጣለችው ጣቶቼ ቦታ አገኙ። ለሁለተኛው ጎጆ ስድስት ሰዓት ያህል ወሰደብን።

ማታ ክሌር «ሾርባ?» ከማለቷ ሳህኔን ዘርግቻለሁ። ከዚያ መሣሪያውን አመጣች።

«የተለመደውን?»

«አይ። ደህና አይደለሁም፣ ነይ በይልኝ።»

ፊደሎቹን ነገርኳት። ስትጽፍ አቆመችና «ይሄኛው ረዘም ይላል» አለች። ሰዓቱን ስጠይቃት ሚኒያፖሊስ መሽቷል፤ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። መልስ አልመጣም።

ቅዳሜ፦ መውረድ

በአጭሩ መንገድ ወደ አውራ ጎዳናው ወረድን። ፀሐይ ወጣ፤ ግግሩ በፀሐይ ሲያዩት በጣም ያምራል። እንዲህ ማማሩ አናደደኝ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ስልኬ ነፍስ ዘራ፤ ያልተመለሰ ጥሪ ሠላሳ አንድ። ብርድ ባትሪውን ስለበላው ሁለት በመቶ ነው ያለኝ፤ ቻርጀሩም ቤት ቀርቷል። ደወልኩ፤ ገና ሳይጠራ አነሳችው።

«አንተ! የት ነህ?»

«በሕይወት አለሁ። ስልኬ ሊዘጋ ነው። ነገ ቤት ስገባ እደውላለሁ።»

«ሰይድ፣ እኔ እኮ ትናንት…»

ዘጋ። የቀረውን ቃል ሌሊቱን ሙሉ እኔው ራሴ ጨርሼላት አደርኩ።

ባንፍ የሚባለው ከተማ ውስጥ ሐኪሙ እግሬን አይቶ ጣቶቹ ይተርፋሉ፣ ጥፍሮቹ ይወድቃሉ፣ ለጥቂት ወራት ብርድ ይሸሹ አለኝ። ለሌሎቹ ራት ልጋብዝ አልኩ። በመጀመሪያው ግብዣ እሺ አሉ። መለያየታችን ላይ ኖርማን እጄን ጨብጦ፣ «ልጆቼ ኦሪገን ናቸው» አለ። «ሁለቱም። አይደውሉም። እኔም አልደውልም።» ከዚያ ቦርሳውን አነሳና ሄደ።

እሑድ፦ ቤት

ጀማል በኤርፖርቱ በር ላይ እያነከስኩ ስወጣ አይቶ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ያ አላህ! አንተ ሰውዬ አለህ?»

«ምን ሆንክ?»

«ፌርፋክስ ሙሉ ሲያለቅስህ ነው የከረመው! ሰዓዳ ዓርብ ማታ ለሁሉም ኮል አድርጋ፣ ደህና አይደለሁም አለኝ፣ ሰይድ በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ብሎ አያውቅም፣ ሞቷል አለች። አንዱ ገደል ገባ አለ፤ አንዱ ድብ በላው አለ።»

«ድቡ ምን ሆነ?»

«ድቡማ በርበሬ ቀምሶ ሞተ ተባለ» አለና ድራይቭ አደረገ። ከዚያ መብራት ላይ ቆሞ፣ ሳይስቅ፣ «ብቻህን መሆንህ ከብዶህ ነበር እንዴ? እኛ እኮ ደህና ነኝ ስትለን…» አለ።

«አምናችሁኝ ነበር።»

«አዎ።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ከጉዞው ምን ተማርክ ለምትሉኝ፣ የበረዶ ግግር ስለመሻገር ብዙ አልተማርኩም፤ አልተሻገርኩትማ። የራሳችሁን ጫማ አትሽጡ። ከሁሉም በላይ ግን ይህን ልንገራችሁ፦ ስንጋበዝ ደጋግመን እንቢ የምንለው፣ ደጋግሞ የሚለምነን ሰው አጠገባችን ስላለ ነው። አሥር ሜትር ገመድ ወይም ሁለት ሺህ ማይል ስልክ መሃላችን ሲገባ ልማዱ ይቀራል፤ እኛ ብቻ እንቀጥልበታለን። ይሉኝታ ነው ብዬ የያዝኩት ነገር ሚስቴን የትኛው ጥያቄዋ ላይ እውነት እንደምናገር እንድትገምት ሲያደርጋት ኖሯል።

ቤቴ ከሱቁ ሁለት ብሎክ ነው። በሩን ስከፍት እንደተውኩት ነው፤ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ። ቦርሳዬን ሳልፈታ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካሁና ደወልኩ።

«ደረስክ?»

«ደረስኩ።»

«ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ፈረምኩ» አለች ወዲያው። «እንደተመቸሽ ብለኸኝ የለ? መልእክትህ የመጣው ማታ ነው። እስከ መጪው ዓመት ሰኔ ፈረምኩ ሰይድ።»

«ገምቼ ነበር።»

ልጁ ከኋላዋ ሲያወራ ይሰማል፤ መናገር ጀምሯል ማለት ነው። ሳልሰማው ነው መናገር የጀመረው።

«ልምጣ ወይ ብዬ እየደጋገምኩ ጠየቅሁህ እኮ» አለች። «በየሳምንቱ።»

«በየጊዜው አንዴ ብቻ ነው የጠየቅሽኝ። ጥፋቱ ግን የኔ ነው። ልክ ነሽ።»

እንዳልዘጋች ትንፋሿን እየሰማሁ ጠበቅሁ።

«አሁንስ?» አለች። «ደህና ነህ?»

ቃሉ ከአፌ ደጃፍ ቆሞ ነበር፤ ለሃምሳ ስምንት ዓመት የለመደው ቦታ ላይ።

«አይደለሁም» አልኩ። «ቤቱ አይመቸኝም። ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል። ነይ። ካልቻልሽም እኔ ልምጣ፤ ሱቁን ጀማል ያበላሸው።»

ስልኩ ውስጥ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። ተቀመጠች። ልጁን «ቆይ፣ ከአያትህ ጋር እያወራሁ ነው» አለችው።

«እሺ» አለችኝ። «ንገረኝ። ከመጀመሪያው።»

ከእግሬ ጀመርኩ።